የትኛው ጡንቻ? በስንት ሳምንቱ? ስለ ኤምዲኤክስ አይጦች ለቀረበ ክስ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ በዱሼን የጡንቻ መመንመን በሽታ ምርምር ላይ ጠንከር ያለ ክስ ያቀርባል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ተመራማሪዎች አርባ ዓመት የተደገፉባት ኤምዲኤክስ የምትባለው አይጥ በቅጡ አልታመመችም። ጡንቻዋ ራሱን ይጠግናል፤ ዕድሜዋም ብዙ አያጥርም። በማይክሮስኮፕ የተነሱት የጡንቻ ምስሎች ለማሳመን ተመርጠው የሚወጡ ናቸው። አይጥ ላይ የሠራ መድኃኒት ልጆች ላይ ሠርቶ አያውቅም። ስለዚህ ወይ በጣም የታመመ አይጥ ይፈለግ፣ ወይ አይጥ ይቅርና በሳህን ላይ በሚያድጉ የሰው ሴሎች እንሥራ።

ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ ነው። ልጃቸው ከቀን ወደ ቀን ሲደክም እያዩ መድኃኒት ለሚጠብቁ ወላጆች የተቆረቆረ ሰው መሆኑ ይታወቃል። እኔንም እንድጽፍ ያደረገኝ ያው ነው። እነዚህን ወላጆች «እስከ ዛሬ የተሠራው ሁሉ ከንቱ ነበር» ብሎ ማሰናበት ይከብደኛል፤ ምክንያቱም እውነት አይደለም። ካነሷቸው ነጥቦች አንዳንዶቹን እቀበላለሁ። የደረሱበትን መደምደሚያ ግን አልቀበልም።

ለጉዳዩ አዲስ ለሆነ አንባቢ ሁለት ሦስት ነገር ልበል። ዱሼን ከኤክስ ክሮሞዞም ጋር የተያያዘ በሽታ ስለሆነ በአብዛኛው የሚይዘው ወንዶችን ነው። ከ3,500 እስከ 5,000 ከሚሆኑ ወንድ ሕፃናት አንዱ ከበሽታው ጋር ይወለዳል። የጎደለው ዲስትሮፊን የሚባል ፕሮቲን ነው። ዲስትሮፊን በጡንቻ ክር ውስጥ ያለውን አክቲን የተባለ ፕሮቲን ከክሩ ሽፋንና ከሽፋኑ ውጭ ካለው መዋቅር ጋር ያያይዛል፤ ድንኳንን ከካስማው ጋር እንደሚያስረው ገመድ ማለት ነው። ይህ ማሰሪያ ሲጠፋ ጡንቻው በሠራ ቁጥር ሽፋኑ ይቀደዳል። ይበልጥ የሚጎዳው ደግሞ እየተለጠጠ ሲኮማተር ነው። በቀዳዳው ካልሲየም ይገባል፣ ክሪያቲን ካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም ወደ ደም ይወጣል፣ ክሩ ይሞታል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክስ። አይጧ አልታመመችም ይላሉ። እኔ ደግሞ የትኛው ጡንቻዋ፣ በስንት ሳምንቷ እያልኩ እጠይቃለሁ።

ኤምዲኤክስ ሰው የሠራት አይጥ አይደለችም። ኤድንብራ ውስጥ ይረቡ ከነበሩ የላብራቶሪ አይጦች መካከል እንዲሁ የተገኘች ናት። ያስታወቃት በደሟ ውስጥ ከልክ በላይ ከፍ ያለው የጡንቻ ኢንዛይም ነው። ግኝቱ የታተመው በ1984 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1987 ዲስትሮፊን ሲታወቅ፣ ከታመሙት ልጆች ጡንቻ የጠፋው ፕሮቲን ከእሷም ጡንቻ እንደጠፋ ታየ። በ1989 ስህተቱ ያለበት ቦታ ተለየ፤ 23ኛው ኤክሶን ላይ፣ ማለትም ጂኑ ከተከፈለባቸው የመመሪያ ክፍሎች በአንዱ ላይ፣ አንዲት ፊደል ተቀይራለች። በዚህች ፊደል የተነሳ ሴሉ ፕሮቲኑን ሳይጨርስ መሥራት ያቆማል። የበሽታው ሥር እንግዲህ በልጁም በአይጧም አንድ ነው። የሚለያዩት ከዚያ ወዲያ ነው።

ሁለት ሳምንት የሞላት ኤምዲኤክስ የእግር ጡንቻዋ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከጤናማ ብዙም አይለይም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ክሮች በቡድን በቡድን ይሞታሉ። ማክሮፌጆችና ሌሎች የመከላከያ ሴሎች ቦታውን ይወሩታል። ቀጥሎ ባሉት ሳምንታት ሞቱም ጥገናውም ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ሳተላይት ሴሎች የሚባሉት የጡንቻ ግንድ ሴሎች ነቅተው ይባዛሉ፣ በሞቱት ቦታ አዲስ ክር ይሠራሉ። ሦስት ወር ሲሞላት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የእግሯ ጡንቻ ክሮች ኒውክለሳቸው መሀል ላይ ተቀምጦ ይገኛል። በጤናማ ክር ኒውክለሱ ያለው ዳር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ጉዳቱ ይቀዘቅዛል እንጂ አያቆምም።

ጸሐፊው ይህን መሀል የተቀመጠ ኒውክለስ የመዳን ምልክት አድርገው ወስደውታል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ የምርምር ውጤት በትክክል የሚነበበውም በስህተት የሚነበበውም በዚህች ምልክት ነው። አይጥ ላይ ኒውክለሱ መሀል ለወራት ይቆያል። ስለዚህ የሚነግረን ክሩ አንድ ጊዜ ሞቶ በአዲስ መተካቱን ብቻ ነው። ተተኪውም ዲስትሮፊን የለውም፤ ነገ እሱም ሊሞት ይችላል። እንግዲህ አንድ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ እነዚህ ክሮች ቁጥራቸው ቀነሰ እንበል። መድኃኒቱ ክሮቹን ከሞት አድኗቸው ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ጥገናውን አሰናክሎት፣ የሞተው ሳይተካ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። አንደኛው የምሥራች ነው፤ ሌላኛው መርዶ ነው። በቁጥር ግን አንድ ይመስላሉ። ለመለየት የሞቱትን ክሮች ስፋት፣ ጠባሳውን፣ በፅንስ ጊዜ የሚታየውን ማዮሲን የተባለ የጡንቻ ፕሮቲን ዓይነት የያዙ ትኩስ ክሮችን አብሮ መለካት ግድ ነው። መድኃኒቱ የተጀመረው ከሦስተኛው ሳምንት በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውም ትርጉሙን ይለውጠዋል። አስቀድሞ ከተጀመረ የተፈተነው መከላከል ነው። በሁለተኛው ወር ከተጀመረ ዋናው ማዕበል አልፏል፤ የተፈተነው ሌላ ነገር ነው። ልጆቹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሽታቸው የሚታወቀው አራትና አምስት ዓመት ሲሆናቸው፣ ጉዳቱ ከጀመረ ከቆየ በኋላ ነው።

«ጡንቻዋ እንዲያውም ይተልቃል» የሚለውም እውነት ነው። ይተልቃል። ጉልበቱ ግን ከውፍረቱ ጋር አይመጣጠንም። ከውፍረቱ አንጻር ሲለካ ከጤናማ አይጥ ያንሳል። እየተለጠጠ እንዲኮማተር ሲደረግ ደግሞ ከጥቂት ድግግሞሽ በኋላ ጉልበቱ ቁልቁል ይወርዳል።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው ጡንቻ አለ። ዳያፍራም ነው፤ ለመተንፈስ የሚሠራው ጡንቻ። ይህን ማለፍ ትልቅ ጉድለት ነው። በ1991 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የኤምዲኤክስ ዳያፍራም እንደ እግሯ አያገግምም። ክሮቹ እየሳሱ ይሄዳሉ፣ ቦታቸውን ጠባሳ ይወስዳል፣ ጡንቻው ይደርቃል፣ ጉልበቱ ይወድቃል። በልጆቹ ጡንቻ ላይ ከሚታየው ጋር በጣም ይቀራረባል። ዳያፍራም ቀንም ሌሊትም ይሠራል፤ አያርፍም። ልቧም ቢሆን ወጣት ሳለች ደህና ይመስላል እንጂ ስታረጅ ይታመማል። ዕድሜዋ ከጤናማዋ በአምስተኛ እስከ ሩብ ያህል ያጥራል። እግሯን በሦስት ወሯ አይቶ «ድናለች» ያለና ዳያፍራሟን በዓመቷ ያየ ሰው ስለ አንድ እንስሳ የሚያወሩ አይመስሉም።

እግሯስ ለምን ይሻለዋል? ጸሐፊው ይህን እንደ ነውር አነሱት። እኔ አይጧ ካስተማረችን ነገር ሁሉ ዋናው ይሄ ይመስለኛል። ዲስትሮፊን የለም፤ ጡንቻው ግን ቆሟል። የሆነ ነገር ደግፎታል ማለት ነው። ያንን ነገር ፈልጎ ማግኘት ለሕክምና መንገድ መፈለግ ነው።

አንዱ ተገኝቷል። ዩትሮፊን የሚባለው የዲስትሮፊን ቅርብ ዘመድ ነው። በ1997 ሁለቱንም ያጡ አይጦች ተሠሩ። ገና በወራት ዕድሜያቸው ጀርባቸው ጎበጠ፣ ከሰውነት ወጡ፣ ቀድመው ሞቱ። ሁለተኛው ከሳተላይት ሴሎች ጋር የተያያዘ ነው። የላብራቶሪ አይጥ የክሮሞዞም ጫፎች፣ ቴሎሜር የሚባሉት፣ ከሰው ይረዝማሉ፤ ሴሎቹ ቶሎ አይደክሙም። በ2010 ቴሎሜራቸው እንዲያጥር የተደረጉ ኤምዲኤክስ አይጦች ጡንቻቸው የመታደስ አቅሙን እያጣ ሄዶ በሽታው ከበደ። በዚያው ዓመት ሰው የሌለውን አንድ የስኳር ዓይነት እንዳይሠሩ የተደረጉ ኤምዲኤክስ አይጦችም በጠና ታመሙ። በእነዚህ ላይ የመጠን ጉዳይ አለ። አይጥ ክብደቷ ከ20 እስከ 30 ግራም ነው፤ እድገቷንም በሳምንታት ትጨርሳለች። ልጁ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ያድጋል፤ አጥንቱ በረዘመ ቁጥር ጡንቻው ይለጠጣል፣ የሚሸከመውም ይከብዳል።

ስለ ምስሎቹ ብዙ አልከራከርም። አንድን ጡንቻ ቆርጦ ክፉው ላይም ደጉ ላይም ካሜራ መደገን ይቻላል፤ የኤምዲኤክስ ጉዳት ደግሞ እዚህም እዚያም የተበታተነ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ልክ ናቸው። መፍትሔው ግን የታወቀ ነው። የቁራጩን ሙሉ ገጽ መቁጠር፣ ቆጣሪው የትኛው መድኃኒት የወሰደ እንደሆነ እንዳያውቅ ማድረግ፣ ክሮቹ ተጣመው ቢቆረጡም የማያሳስተውን ትንሹን ዲያሜትር መለካት። ትሪት ኤንኤምዲ የተባለው ዓለም አቀፍ ኔትወርክ ለእነዚህ አይጦች የተጻፉ የአሠራር መመሪያዎችን ለማንም ክፍት አድርጓል። አንድ ጥናት እነዚህን ካልተከተለ ጥናቱ ይወቀስ።

ከሁሉም በላይ ልብ የሚነካው ክስ ስለ መድኃኒት የተነሳው ነው። «አይጥ ላይ ይሠራል፣ ልጅ ላይ አይሠራም» የሚለው። ወላጅ ስንት ጊዜ ተስፋ አድርጎ ስንት ጊዜ እንዳዘነ ስለማውቅ ይህን ቀለል አድርጌ አላልፈውም። ውድቀቶቹ እውነት ናቸው። ግን እያንዳንዱ የወደቀበት ቦታ ይለያያል፤ ቦታውን ማወቅ ደግሞ ለሚቀጥለው ይጠቅማል።

ታዳላፊል የተባለውን መድኃኒት እንመልከት። ዲስትሮፊን ሲጠፋ የደም ሥርን የሚያሰፋውን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራው ኢንዛይምም ከሽፋኑ ላይ ይጠፋል፤ የሚሠራው ጡንቻ በቂ ደም አያገኝም። ታዳላፊል ይህን በአይጧ አስተካከለ። ልጆች ላይ በትንሽ ጥናት ሲሞከርም የደም ፍሰቱ ተሻሻለ። በ2017 የታተመው ትልቁ ክሊኒካዊ ሙከራ ግን የልጆቹ የመራመድ አቅም መውረዱን እንዳላዘገየ አሳየ። እንግዲህ አይጧ የት ላይ ነው ያሳሳተችን? የተጠየቀችው ስለ ደም ፍሰት ነበር፤ መልሷም ልጆቹ ላይ ተረጋግጧል። «ደም ከደረሰ ልጁ ረዘም ላለ ጊዜ ይራመዳል» ያልነው እኛ ነን።

ማይኦስታቲን ሌላ ታሪክ ነው። ይህ የጡንቻን እድገት የሚገታ ፕሮቲን ነው። በ2002 በፀረ እንግዳ አካል ሲታገድ የኤምዲኤክስ ጡንቻ ወፈረ፣ ጉልበቱም ጨመረ። ዶማግሮዙማብ የተባለው ተመሳሳይ መድኃኒት በልጆች ላይ ተሞክሮ በ2018 ሙከራው ተቋረጠ። ለምን? ወጣት አይጥ የሚያድግ ጡንቻ አላት። የልጁ ጡንቻ ግን እየዋለ እያደረ በጠባሳና በስብ ይተካል፤ ስብ ደግሞ ኤምዲኤክስ ላይ እምብዛም አይታይም። ከዚህም ሌላ በታማሚዎች ላይ የማይኦስታቲን መጠን ቀድሞውኑ ዝቅ ያለ መሆኑ ታውቋል። ዝቅ ያለን ነገር ይበልጥ ማውረድ ብዙ አያተርፍም። እዚህ ላይ ጸሐፊው «አይጧ ሰውን አትመስልም» ቢሉ እስማማለሁ።

«ሠርቶ አያውቅም» የሚለው ግን ልክ አይደለም። ጊቪኖስታት ኤችዳክ የተባሉ ኢንዛይሞችን የሚያግድ መድኃኒት ነው። ኤችዳክን ማገድ ጠባሳን እንደሚቀንስና ጥገናን እንደሚያግዝ የታየው በኤምዲኤክስ ጡንቻ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ጉልህ ሥራ የታተመው በ2006 ነው። ከዚያ መድኃኒቱ ሰው ላይ ተሞከረ። ስቴሮይድ እየወሰዱ ጊቪኖስታት የተጨመረላቸው ልጆች አራት ደረጃ ለመውጣት የሚወስድባቸው ጊዜ የጨመረው፣ ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ) ከተጨመረላቸው ባነሰ መጠን ነው። በመጋቢት 2024 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቀደው። ፈውስ አይደለም፤ በሽታውን ያዘገያል። ለአንድ ልጅ ደረጃ የሚወጣበት ተጨማሪ ጊዜ ቀላል ነገር አይመስለኝም።

ኤክሶን መዝለል የሚባለው ሕክምናም የተሞረደው በዚህችው አይጥ ላይ ነው። ስህተት ያለበትን 23ኛውን ኤክሶን ሴሉ እንዲያልፈው ሲደረግ፣ አጠር ያለ ግን የሚሠራ ዲስትሮፊን በጡንቻዋ ታየ። ለልጆች 51ኛውን ኤክሶን የሚያዘልለው ኤቴፕሊርሰን በ2016 ተፈቀደ። በልጆቹ ጡንቻ ውስጥ የተገኘው ዲስትሮፊን ግን ከጤናማው አንድ በመቶ እንኳ አልሞላም። ሐሳቡ ሠርቷል፤ መጠኑ አልበቃም። የኤምዲኤክስ ክሮች ሽፋናቸው ስለሚያፈስና ሁልጊዜ ስለሚታደሱ መድኃኒቱን እንደልብ ያስገባሉ። በጠባሳ በታጠረ ጡንቻ ውስጥ እንዲህ አይገባም።

በጣም የሚያሳዝነው የጂን ሕክምናው ነው። የተጨመቀ ዲስትሮፊንን በቫይረስ ጭኖ የሚያደርሰው ሕክምና ሐሳቡ ከአይጥ አልመጣም። በ1990 የተመዘገበ አንድ ሰው ነበር፤ ከዲስትሮፊን ጂኑ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ጎድሎት በ61 ዓመቱም ይራመዳል። አጭር ፕሮቲንም ሊሠራ እንደሚችል ያሳየው እሱ ነው። አይጧ ያንን በሕክምና መልክ ለመፈተን አገለገለች፤ ጡንቻዋ ተሻሻለ። በ2023 ለልጆች ተፈቀደ። በ2025 መራመድ ያቆሙ ሁለት ወጣቶች ሕክምናውን ከወሰዱ በኋላ በከባድ የጉበት መድከም ሞቱ። ዘርፉን ለመከላከል ብዬ ይህን አልሸፍንም። የአይጥ ጡንቻ ቁራጭ ስለ ጡንቻ ይናገራል። በአንድ ልጅ ክብደት ልክ የተሰጠ ቫይረስ በጉበቱና በበሽታ መከላከያው ላይ ምን እንደሚያደርግ አይናገርም፤ እንዲናገርም መጠበቅ አልነበረበትም።

ስቴሮይዱንም ላንሳ። ፕሬድኒዞን ለእነዚህ ልጆች መሰጠት የጀመረው በ1970ዎቹ፣ አይጧ ከመታወቋ በፊት ነው። በ1989 በቁጥጥር የተደረገ ሙከራ ጉልበት እንደሚጨምር አረጋገጠ። ኤምዲኤክስ ላይ ሲሞከር ግን ውጤቱ የተምታታ ነው፤ ረዘም ላለ ጊዜ ሲሰጣት ልቧን እንደሚጎዳ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። የመጨረሻው ፍርድ ለአይጧ ቢተው ኖሮ ልጆቹ እስከ ዛሬ የሚረዳቸውን መድኃኒት ባጡ ነበር። ስለዚህ እኔም አይጧ ዳኛ ትሁን አልልም።

«እንግዲያው በጣም የታመመች አይጥ ፈልጉ» ለሚለው፣ ተፈልጋለች። የዲስትሮፊኑ ስህተት ዲቢኤ ወደሚባል የአይጥ ዝርያ ተላልፎ ጡንቻዋ ቶሎ የሚሳሳ፣ ጠባሳዋ የሚበዛ አይጥ ተገኝታለች። ብዙ ላብራቶሪዎች ወደሷ ዞረዋል። ቀረብ ብለው ሲያዩዋት ግን ጡንቻዋ ውስጥ ካልሲየም በብዛት ይከማቻል፤ ይህ በልጆቹ ላይ የበሽታው ዋና መልክ አይደለም። የእግሯ ጉዳት በለጋነቷ ይከፋና እያደገች ስትሄድ ይቀንሳል፤ የልጆቹ በተቃራኒው ነው። የዚህ ዝርያ ጤናማ አይጦች እንኳ የራሳቸው የጡንቻና የልብ ችግር አለባቸው። ሕመም ስለበዛ መመሳሰል አይጨምርም። ሌላም አለ። ጸሐፊው ለእንስሳቱ ሥቃይ ማዘናቸውን ጽፈዋል፤ እኔም አዝናለሁ። ታዲያ ጥያቄው በቀላሉ በታመመች አይጥ ከተመለሰ፣ የባሰ የምትሠቃይ አይጥ ማርባት በምን ይደገፋል?

የመጨረሻው ሐሳባቸው የሰው ሴል በሳህን ላይ ማሳደግ ነው። ለአንዳንድ ጥያቄ ከአይጥ ይሻላል፤ የልጁን የራሱን ስህተት በራሱ ሴል ላይ መሞከር ያስችላል፤ ኤምዲኤክስ ግን ያላት አንድ ስህተት ነው። ሳህኑ ላይ ግን የሚተነፍስ ዳያፍራም የለም። ከደም የሚመጣ ማክሮፌጅ የለም። ወራት የሚፈጅ የጠባሳ ክምችት የለም። ልጆቹን የሚጥላቸው ደግሞ የክሩ ሞት ብቻ ሳይሆን በቦታው የሚተካው ጠባሳና ስብ ነው።

ለዚህ ማስረጃዬ ኤልቲቢፒ4 የሚባለው ጂን ነው። ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት የጡንቻ በሽታ ያለባቸውን ሁለት የአይጥ ዝርያዎች አነጻጸሩ። በሽታው ከሳርኮግላይካን፣ ከዲስትሮፊን ጋር አብሮ ከሚሠራ ፕሮቲን፣ መጥፋት የመጣ ነበር። ስህተቱ አንድ ሆኖ ሳለ የአንደኛው ዝርያ ጡንቻ ሽፋኑ አብዝቶ ያፈስ ነበር፤ ጠባሳውም ይበዛ ነበር። ልዩነቱን ተከትለው ሄደው በ2009 ጂኑ ላይ ደረሱ። ይህ ጂን ጠባሳ የሚያዘውን ቲጂኤፍ ቤታ አስሮ የሚያቆይ ፕሮቲን ይሠራል። ከዚያ ይኸው ጂን በዱሼን ልጆች ላይ ተፈተሸ። በ2013 የወጣው ውጤት እንዳሳየው ከሁለቱም ወላጆቻቸው አንድ የተለየ የጂኑን ዓይነት የወረሱ ልጆች ከሌሎቹ በአማካይ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ለረዘመ ጊዜ በእግራቸው ሄደዋል።